ሽታ የሌለው ዱቄት

ህሩይ «ሙሽራውን በሩ ጋ አስቀምጡት፤ ሽታው በዚያው ይውጣ» ያለው በጥር ወር 1979 ዓ.ም.፣ በመልሱ ዕለት፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። እንዳሻው ያን ቀን አልረሳም፤ ሊረሳውም አስቦ አያውቅም። ከተማዋ ያኔ በሰው ሁሉ አፍ አሰበ ተፈሪ ነበረች። ህሩይ የሙሽሪት ታላቅ ወንድም፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። እንዳሻው ደግሞ የቆዳና የሌጦ ነጋዴ ነበር። ለሠርጉ ሲል ሳምንቱን ሙሉ መጋዘኑን አልረገጠም፤ ገላውን በሎሚ አሽቷል፤ የጥፍሩን ሥር በመርፌ ፈልቅቆ አጽድቷል። ህሩይ ግን ያን ተናገረ፤ ድንኳኑም ሳቀ። ወጥ የምታወጣዋ አክስት ጭልፋዋን እንደያዘች ሳቀች። ሚዜዎቹ፣ የገዛ ሚዜዎቹ፣ ሳቁ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሙሽራ ዓይነ ርግቧ ሲንቀጠቀጥ በቆረጣ አይቷል፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ ግን አላወቀም። ጠይቋትም አያውቅም።

ይሄ ሁሉ ነገር አሁን፣ በዐቢይ ጾም፣ ማድቤት ውስጥ ቆሞ ሳለ እንደ አዲስ ተነሣበት። በግራ እጁ ብርጭቆ ይዟል፤ በቀኙ ያማስላል። ከብርጭቆው የወጣው እንፋሎት አፍንጫው ሲደርስ ማንኪያው ቀጥ አለ።

የሚያማስለው ለሚስቱ ለወሰንየለሽ ነው። ከቅዳሴ ተመልሳ ጾሟን የምትፈታው ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ነው፤ እህል ከመቅመሷ በፊት ከነጩ ጣሳ አንድ ማንኪያ ዱቄት በሞቀ ውሃ በጥብጣ ትጠጣለች። እስከ ዛሬ የምትበጠብጠው ራሷ ነበረች፤ ዝንጅብል ወቅጣ ትጨምርበታለች። ዛሬ ግን ዳገቱን ወጥታ በመውረዷ ደክሟት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ «አንተው በጥብጥልኝ። ዝንጅብሉ አልቋል፤ እንዲሁ ስጠኝ» አለችው።

ጣሳውን ለገና ያመጣላት ህሩይ ነው። «ፔፕታይድ ይባላል» ብሎ ነበር፣ ቃሉን ለተማሪ እንደሚያስጽፍ ሰው ከፋፍሎ። «ፔፕ፣ ታይድ። የመገጣጠሚያን መቆጣት ያበርዳል። ዮዲ ናት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ፤ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አይደል ልጄ የምትሠራው? እኔ ለእጄ እየወሰድኩት ነው፤ አንቺም ጉልበትሽን ሞክሪው።» ከዚያ ወደ እንዳሻው ዞር ብሎ፣ «ላንተ እንኳ ማስረዳቱ ድካም ነው፤ ሳይንስ ነው» አለው። እንዳሻው ይችንም ካለፉት ጋር አስቀመጣት።

ሽታው ምን እንደሆነ ለማወቅ እንዳሻው ማሰብ አላስፈለገውም። ድሮ ከመጋዘኑ ጀርባ ሽፈራው የሚባል አናጢ የብረት ድስት ጥዶ የቆዳ ቁርጥራጭ ይቀቅል ነበር፤ ለሙጫ። ቁርጥራጩን የሚሰጠው እንዳሻው ራሱ ነው። ቆዳ ተቀቅሎ ሲፈርስና ውሃው ሲወፍር የሚያወጣው ሽታ የጥሬ ቆዳ ግማት አይደለም፤ ለስለስ ያለ፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። ይሄ ከብርጭቆው የሚወጣው ያው ነው። ታጥቦና ተጣርቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ፣ ደክሞ የመጣ ይመስላል። ግን ያው ነው።

«ምነው ቆየህ?» አለች ወሰንየለሽ ከመኝታ ቤት።

«ትኩስ ነው፤ እያበረድኩት ነው።»

አመጣላት። ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችውና ብርጭቆውን መለሰችለት። «ተባረክ» አለችው። እንዳሻው ወደ ጓሮ ወጣ፤ ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ አፉን በመዳፉ ከደነ። ለዓመታት ያልሳቀው ሳቅ ከሆዱ እየገፋ መጣበት። ህሩይ፣ መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ ማዶ የሚሻገረው ህሩይ፣ ጧት ማታ ቆዳ ይጠጣል።

ግን እንዳሻው በቀላሉ የሚያምን ሰው አይደለም። በሕይወቱ ደስ ያለው ነገር ሁሉ ኋላ ላይ ሌላ ሆኖ ሲገኝበት ኖሯል። ስለዚህ በነጋታው ከዱቄቱ ጥቂት በወረቀት ጠቅልሎ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደ። የምትሠራው ቤርሳቤህ የምትባል ወጣት ፋርማሲስት ናት፤ የወሰንየለሽን ክኒን የሚገዛው ከእሷ ነው።

«አባባ፣ ደህና አደሩ? የእማማ ክኒን አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም። ይሄን እንድታይልኝ ነው።» ወረቀቱን ፈታላት። «ፔፕታይድ ነው የሚሉት።»

«ኮላጅን ነው፤ አውቀዋለሁ። ሰሞኑን ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል።»

«ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ይሄ ከከብት ነው፤ ከቆዳና ከአጥንት። ሌላ ቦታ ከዓሣ የሚሠራም አለ።»

«ከምን አልሽኝ?»

«ከከብት ቆዳ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ቤርሳቤህ ቀና ብላ አየችው። ሽማግሌው ጆሮው የደከመ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ከበሬ ቆዳ፣ አባባ። ቆዳውን አጥበው፣ ቀቅለው፣ ሰባብረው ያደርቁትና እንዲህ ዱቄት ይሆናል።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለ እንዳሻው። ይህን ምስጋና ከልቡ ሲሰጥ ራሱም ተገረመ።

«ግን አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ለዕድሜ ባለጸጎች ጉልበት ይረዳል፣ መቆጣቱን ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ትንንሽ ናቸው። ምንም ለውጥ አላየንም የሚሉም አሉ። የኩላሊት ሕመም ለሌለበት ሰው እምብዛም አይጎዳም። ቢሆንም እንደ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን እንዳያቋርጡ፤ የእግር እንቅስቃሴውንም እንዳይተዉ።»

«አልተወችም። ይኸው ዳገቱን እየወጣች ነው።»

«ታዲያ ደስ ይበልዎት። ዱቄቱ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ እንቅስቃሴው ይሁን፣ እኔ ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም። የሠራላቸውን አያስተዉአቸው።»

እንዳሻው ግን ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ቆዳ። በመንገዱ ላይ እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጣት። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋበት እንኳ እንደ ወትሮው አልተሳደበም።

መጋዘኑ ዛሬ የጨው ሱቅ ሆኗል። የቆዳ ገበያ ሲሞት ለቆዳው ይነሰንሰው የነበረውን ጨው ይዞ ቀረና፣ ጨው ነጋዴ ሆነ። ከገለምሶ፣ ከቦኬ፣ ከሂርና የሚመጡ ገበሬዎች ለከብቶቻቸው ይገዙታል። ግድግዳው ግን የድሮውን ሽታ አልለቀቀም፤ ዝናብ ሲመጣ ይቀሰቀሳል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አብዱልቃዲር ከገለምሶ በሚኒባስ መጣ። ድሮ ቆዳውን ከገጠር ሰብስቦ የሚያመጣለት ባልንጀራው ነው፤ አሁን ቡናና ጥቂት ከብት አለው። የማይቀያየሙ ሰዎች ናቸው፤ እንዳሻው በሕይወቱ ያልተቀየመው ሰው ቢቆጠር እሱ አንዱ ነው።

«አከም ጅርታ፣ እንዳሻው?»

«አለሁ፤ ግባ። ቁጭ በል። የምነግርህ አለኝ፤ ቆመህ ከሰማኸው ትወድቃለህ።»

አብዱልቃዲር የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። እንዳሻው ከሠርጉ ጀምሮ ነገረው፤ አብዱልቃዲር ሠርጉን መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ቢሆንም አላቋረጠውም። ወደ ጣሳው ሲደርስ ግን ወደ ፊት አዘመመ።

«ከቆዳ?»

«ከበሬ ቆዳ።»

«ዱጋ? እውነትህን ነው?»

«ባለመድኃኒቷን ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ።»

የአብዱልቃዲር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። «ያ ሰውዬ» አለ ከኮፍያው ሥር። «እኔ አህያ ጭኜ ስመጣ፣ 'እነዚህ ሰዎች ከተማውን አገሙት' ብሎ ቀበሌ ድረስ የሄደው?»

«እሱ።»

«ቆዳ በጥብጦ ይጠጣል?»

«በማንኪያ እየለካ።»

«ወላሂ በሬው ራሱ ቢሰማ ይስቃል።» ዓይኑን ጠረገ። «እኛ ለዒድ ያረድነውን ቆዳ የሚያነሳው ጠፍቶ ገደል ጣልነው። አንድ የበሬ ቆዳ አንድ ብርጭቆ ሻይ አይገዛም ዛሬ። እሱ ከባሕር ማዶ በጣሳ አስመጣ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጨው መሐል ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጨው ልትገዛ የመጣች ሴትዮ በር ላይ ቆማ አይታቸው፣ እነሱ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

ሴትዮዋ ስትሄድ አብዱልቃዲር፣ «መቼ ነው የምትነግረው?» አለ።

«እሁድ። ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት።»

«ምን ብለህ?»

እንዳሻው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌሊቱን አስቦበታል። «ህሩይ፣ የምትጠጣው የኔን ሽታ ነው።»

«አንተ ብለህ? እርስዎ አይደል የምትለው?»

«እስከ እሁድ ነው እርስዎ የምለው።»

አብዱልቃዲር ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። ቆይቶ ግን ፈገግታው ሳሳ። «ግን እንዳሻው፣ እናንተ አሁን ጾም ላይ አይደላችሁ?»

«ነን።»

«ለኛ በሥርዓቱ የታረደ ከሆነ ምንም አይደል። ለናንተ ግን የከብት ነገር በጾም... ወሰንየለሽስ?»

የእንዳሻው ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ።

ወሰንየለሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር። ጉልበቶቿ እንደ ብርቱካን አብጠው፣ ቀልተው፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ግድግዳ እየዳሰሰች ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገቱ ላይ ነው፤ ደወሉ ሲደወል መስኮቱን ከፍታ ተቀምጣ ትሰማለች። አታጉረመርምም። አንድ ጧት ግን እንዳሻው ሳታየው ገብቶ፣ ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ ብላ አልሆን ሲላት፣ ጫማውን እቅፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አያት። ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ወጣ። ያን ለማንም አልተናገረም፤ ህሩይን ከሚጠላበት ምክንያት ሁሉ በላይ ያ ጧት ሆዱን ይቆርጠዋል። ዘንድሮ ነው የተነሣችው። መጀመሪያ እስከ በር፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ ከሁዳዴ መግቢያ ወዲህ ደግሞ ዳገቱን።

ይቺ ሴት ጾም መሻሯን ብትሰማ ጣሳውን በዚያው ቀን ትደፋዋለች። እንዳሻው ይህን እንደ ገዛ ስሙ ያውቃል። ዱቄቱን ብትተው ደግሞ ጉልበቷ ተመልሶ ቢያዝስ? ባለመድኃኒቷ እንኳ የትኛው እንደሠራ አላወቅሁም ብላለች። እሁድ አፉን ከከፈተ ወሬው ከሰንበቴው ቤት ሳይወጣ ሴቶቹ ጋ ይደርሳል። ዝም ካለ ደግሞ ሳታውቀው ጾሟን ስትሽር እያየ፣ በገዛ እጁ እየበጠበጠላት፣ ይኖራል።

«ኤጭ» አለ። «ቂሜን እንኳ በሰላም አልወጣ።»

«አላህ ያውቅልሃል» አለ አብዱልቃዲር፣ የገዛውን ጨው እየተሸከመ። «ብቻ ከእሷ ጋር ተነጋገር። የሰውዬው ነገር ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ይሄን ያህል ዘመን ጠብቆህ የለ።»

እንዳሻው ቀናቱን በዝምታ ገፋቸው። ዱቄቱን ወሰንየለሽ ስትበጠብጥ ወደ ጓሮ ይወጣል። እሷም የገበያ ዕለት ዝንጅብል ገዝታ ስለነበር ቤቱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ቅዳሜ ጧት ግን መታገሥ አቃተው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሐኪም ቤት ያስተማሯትን እንቅስቃሴ ትሠራ ነበር፤ አንዱን እግር ቀጥ አድርጋ ታነሣለች፣ ትይዛለች፣ ታወርዳለች።

«ወሰኔ» አላት።

«አቤት።»

«ያ ዱቄት... ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?»

እግሯን ቀስ ብላ አወረደች። «ከቆዳ ነው» አለች።

በሩን ተደገፈ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አፍንጫዬ ነዋ። ገና ጣሳው የተከፈተ ዕለት።» ሌላውን እግር አነሣች። «ከሠርጋችን ጀምሮ ካንተ ጎን ተኝቼ ያን ሽታ የማላውቀው መሰለህ? ቤርሳቤህንም ሰው ልኬ አስጠየቅኋት፤ እሷም እንደዚያው አለች።»

«ዝንጅብሉስ?»

«ዝንጅብሉን ለማን ብዬ እምጨምር ይመስልሃል? እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ። አንተ እንዳታሸትት ነው። ይኸው አንድ ቀን ቢያልቅብኝ አሸተትከው።»

«ጾሙስ? ጾሙን ምን አደረግሽው?»

«ሁዳዴ ሳይገባ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። 'ሕመምተኛ ነሽ፤ እንደ መድኃኒት ቁጠሪው። በምትኩ ስግደት ጨምሪ' አሉኝ። 'አባ፣ ስግደት ከጨመርኩማ ጉልበቴ ያው ተመልሶ ያብጣል' ብላቸው ሳቁ። 'እንግዲያው ምጽዋት ይሁን' አሉኝ። ከሱቅህ ጨው እየወሰድኩ ለነዳያን የምሰጠው በዚያ ነው።»

እንዳሻው የጨው ጆንያ ሲጎድል አይጥ ነው ብሎ ወጥመድ ማጥመዱን አስታወሰ።

«ህሩይስ?» አለ። «ያውቃል?»

«ጋሼ የት ያውቃል። ለእሱም ጠይቄለታለሁ፤ 'እጁ እንዲያ ሆኖ እያያችሁ፣ ነግራችሁ አታስጨንቁት' ብለዋል አባ። እሱ ቢሰማ ምግብም መድኃኒትም ይተዋል፤ ግትርነቱን ታውቀዋለህ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የሚቆልፍለት የለም።»

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ አንተ ቀን ጠብቀህ ሰው መሐል ታወጣው ነበራ።» ቀና ብላ አየችው። «ታወጣው ነበር ወይስ አታወጣውም?»

«ነገ» አለ እንዳሻው። «ሰንበቴ ላይ።»

ወሰንየለሽ ሳቀች። ቁጣ የለበትም፤ ሲጃጃል የያዘችውን ሰው እንደምታይ ነው ያየችው። እሱም ሳቋን ሲያይ ያ ዓይነ ርግብ ትዝ አለው፤ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ጧት፣ የጠየቃት ጊዜ ሳይመርጥ ነው።

«ያኔ... በመልሱ ዕለት። እሱ ያን ሲል። ስቀሽ ነበር?»

ወሰንየለሽ እግሯን አወረደች። «ሳቅሁ» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ሳቅሁ። ውሸት አልነግርህም። ማታ ግን ፊቴን ካንተ አዙሬ አልተኛሁም፤ አንድ ቀንም አዙሬ አላውቅም። እሱን አልቆጠርክልኝም።»

እንዳሻው ይሄን መልስ ዕድሜ ልኩን ሲፈራው ኖሮ ነበር። አሁን ሲሰማው ግን የጠበቀው ዓይነት ሕመም አልመጣም። ጥርስ ተነቅሎ ምላስ ባዶውን ቦታ እንደሚዳስስ ሆዱን ዳሰሰ፤ አንድ ነገር ጎድሎበታል፤ አያምም።

«የኔ ጉልበት እንደሆነ ፈቃዱን አግኝቷል» አለች፣ እግሯን መልሳ እያነሣች። «አትናገር ብዬ አልለምንህም። የራስህ አፍ ነው። እስቲ ያን ነጠላ አቀብለኝ።»

እሁድ ደብረ ዘይት ነበር። ቅዳሴው በጧት ወጣ። ወሰንየለሽ ምርኩዟን ቤት ትታ ዳገቱን ወጥታለች፤ አሁን ከሴቶቹ ጋር ዛፉ ሥር ቆማ ታወራለች። እንዳሻው ወደ ሰንበቴው ቤት ገባ። ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ በራስጌው በኩል ህሩይ ነው፤ ከፊቱ የሙቅ ውሃ ፔርሙዝና ነጩ ጣሳ ተደርድረዋል። ለሰዎቹ እያስረዳ ነበር።

«ሰው ሲያረጅ መገጣጠሚያው ይቆጣል። እሳት ነው በሉት፤ ውስጥ ውስጡን የሚነድ። ይሄ ያን እሳት ያበርዳል። ፔፕታይድ። በሉ እስቲ ከኔ ጋር።»

ሁለት ሽማግሌዎች ቃሉ ከአፋቸው እየወደቀባቸው ሞከሩት። ህሩይ ቀና ሲል እንዳሻውን በር ላይ አየው።

«አማቻችን መጣ። እንዳሻው፣ ግባ። ቦታህን መቼም ታውቀዋለህ፤ በሩ ጋ ነው።»

የድሮዎቹ ሳቁ፤ ነገሩን የሚያውቁት ናቸው። ከአዲሶቹ አንዱ፣ «ለምን በሩ ጋ?» ሲል ጎረቤቱ በጆሮው ነገረው፤ እሱም ሳቀ። እንዳሻው በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓረፍተ ነገሩ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ጫማውን እንዳሰረ ሰው።

ህሩይ ጣሳውን ለመክፈት ታገለ። ጣቶቹ አንጓ አንጓቸው ላይ አብጠው ተጣመዋል፤ እንደ ዝንጅብል ሥር። ክዳኑ እንቢ ሲለው ማንም አላገዘውም፤ ሰው እንዲያግዘው እንደማይወድ ሁሉም ያውቃል። በመጨረሻ ከፈተው። ማንኪያው ከጣሳው እስከ ብርጭቆው ሲጓዝ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ህሩይ የፈሰሰውን ሰው ሳያይበት በእጅጌው ጠረገ። እንዳሻው ግን አየው። ለገና ያቺ እጅ ማንኪያውንም አትይዝም ነበር፤ ወሰንየለሽ ናት ያጎረሰችው። አሁን ብርጭቆውን ጨብጣ አማሰለች።

ህሩይ ግማሹን ጠጥቶ ብርጭቆውን ከሰው ሰው እያሳለፈ ወደ በሩ ላከው። «ቅመስ፣ እንዳሻው። ላንተም ጉልበት ይሆንሃል። ደግሞ ልብ በል፤ ሽታ የሚባል ነገር የለውም። ሳይንስ ማለት ይሄ ነው፤ ከየትም ይምጣ፣ ሽታውን አውጥቶ ነው የሚሰጥህ።»

ብርጭቆው እንዳሻው እጅ ገባ። ዝንጅብል የለበትም። እንፋሎቱ ወጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። ከሽፈራው ድስት፣ ከአብዱልቃዲር አህያ፣ ከዚያ ሁሉ የጨው ክምር ሥር የመጣ ሽታ። የወጣትነቱ ሽታ። ሰው ሁሉ ወደሱ አይቷል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ዳግመኛ አይገኝም፤ እንዳሻው ይህን ያውቃል። አፉን ከፈተ።

በተከፈተው በር የወሰንየለሽ ድምፅ መጣ። ሴቶቹን ተሰናብታ፣ «ነይ እደግፍሽ» ላለቻት አንዲት ሴት፣ «ተይኝ እቴ፤ ራሴ እወርደዋለሁ» እያለች ነበር።

እንዳሻው አፉን ዘጋ። ተነሥቶ እስከ ራስጌው ሄደ፤ ብርጭቆውን ህሩይ ፊት አስቀመጠ። ጣሳው ክዳኑ ተከፍቶ ቀርቷል። እርጥበት ምን እንደሚያደርግ ጨው የሚሸጥ ሰው ያውቃል፤ ክዳኑን አንሥቶ ገጠመው፤ ያ የታመመ እጅ ሳይቸገር እንዲከፍተው አጥብቆ ግን አልዘጋውም። ጣሳውን ወደ ህሩይ እጅ አስጠጋው። ወደ ቦታው ተመለሰና ባርኔጣውን ከአግዳሚው አነሣ።

«ምነው?» አለ ህሩይ። «ሳትቀምስ? ሸተተህ እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ህሩይም ሳቀ፤ ሳቁ መልስ ይጠብቅ ነበር። እንዳሻው ባርኔጣውን አደረገ። ቦታው በሩ ጋ ስለነበር ለመውጣት ማንንም ማስነሣት አላስፈለገውም።